ቢሮው ቀርቧል፤ ደጅ ጥናቱስ ቀርቷል?

ጉዳይ ለማስፈጸም ከአረካ የሚነሣ ሰው ባለፉት ሰማንያ ዓመታት የተጓዘበትን መንገድ አስቡት። በንጉሡ ዘመን ወላይታ በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ሥር ስለነበረ፣ ሶዶ ላይ ያላለቀ አቤቱታ ወደ ይርጋለም፣ ኋላም ወደ ሀዋሳ ይሄድ ነበር። በደርግ መጨረሻና በኢሕአዴግ መጀመሪያ ዓመታት አካባቢው ሰሜን ኦሞ ተባለና ባለጉዳዩ ፊቱን ወደ አርባ ምንጭ አዞረ። በ1993 ዓ.ም. ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሲሆን ብዙ ነገር ወደ ሶዶ መጣ፤ የክልል ጉዳይ ያለበት ግን ሀዋሳ መሄዱ አልቀረለትም። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ደግሞ የክልሉ የፖለቲካና የአስተዳደር መቀመጫ ራሷ ወላይታ ሶዶ ሆነች። ከአረካ ሶዶ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ማለዳ በሚኒባስ የተነሣ ሰው ቢሮ ሳይከፈት ይደርሳል።

ቢሮው እንዲህ እየቀረበ መጣ። “ነገ ተመለስ” ግን አብሮት መጣ።

“ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው”፣ “ሲስተም የለም”፣ “ከቀበሌህ የድጋፍ ደብዳቤ አምጣ”፣ “ይህ ኮፒ አይሆንም፣ ኦርጅናሉን”፣ “ማኅተም የያዘችው ልጅ ወጥታለች”። ይህን ያልሰማ ኢትዮጵያዊ ያለ አይመስለኝም። ብዙ ጊዜ የምናማርረው ደንብ በዛብን፣ ቢሮክራሲው ተንዛዛ እያልን ነው። የኔ ሐሳብ ትንሽ ይለያል። ከደንቡ ብዛት ይልቅ የሚያደክመን ደንቡ እጃችን ላይ አለመኖሩ ነው። እኛ ጥያቄያችንን በወረቀት እናስገባለን፤ መልሱን ግን የምንቀበለው በአፍ ነው። ይህ ልማድ ከየት እንደመጣ ለማየት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

መጠበቅ ክፍያ የነበረበት ዘመን

“ደጅ ጥናት” የሚለውን ቃል ዛሬ ለቀልድ እንጠቀምበታለን። በድሮው ሥርዓት ግን የታወቀ ተቋም ነበር። ሹመት የፈለገ፣ ርስቱ የተነጠቀበት፣ ፍርድ የጓደለበት ሰው ከንጉሡ ወይም ከመኳንንቱ ደጅ ሰፍሮ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይጠብቅ ነበር። መጠበቁ የሥራ መዘግየት ያመጣው ነገር አልነበረም። ደጅ የጠና ሰው ታማኝነቱንና ትሕትናውን በመጠበቁ ያሳይ ስለነበር፣ ጊዜው ራሱ ክፍያው ነበር። ጌታው ቶሎ ከመለሰለት ውለታው ይቀንሳል።

በዚያው ዘመን ግን ሌላም ወግ ነበረ። ሁለት ሰዎች ሲጣሉ “በሕግ አምላክ!” ከተባለ ተከሳሹ ካለበት ይቆማል፤ ነጠላ ለነጠላ ተቋጥረው በቁራኛ ወደ ዳኛ ይሄዳሉ፤ መንገድ ላይ ያገኙት ሽማግሌም ሊዳኛቸው ይችላል። በወላይታም ሕዝብ የሚሰበሰብበት ዱቡሻ አለ። ዱቡሻ ላይ የተባለውን የተሰበሰበው ሁሉ ይሰማዋል። ያለፈውን ማስዋብ አልፈልግም፤ የካዎዎቹ ዘመንም የራሱ ጌታና ሎሌ ነበረው። ነገር ግን በአደባባይ የተነገረ ፍርድ ሰሚ ነበረው። ሰሚ ያለው ቃል ደግሞ በማግስቱ አይካድም።

የምኒልክ ጦር በ1887 ዓ.ም. ካዎ ጦናን ድል ካደረገ በኋላ ወላይታ ላይ የተተከለው ሥርዓት ከሁለቱ የወሰደው ደጅ ጥናቱን ነበር። መሬቱ ለወታደሩ፣ ለቤተ ክህነቱና ለባላባቱ ተደለደለ፤ አራሹ ገባር ሆነ። የአያቶቹን መሬት የሚያርስ ሰው ስለዚያው መሬት ደጅ የሚጠና ሆነ ማለት ነው። የችሎቱም የጽሕፈቱም ቋንቋ አማርኛ ስለነበር አስተርጓሚና ማመልከቻ ጻፊ አስፈለገው። ዛሬ “ጉዳይ ገዳይ” የምንለው ሰው የቆመው በዚያ ክፍተት መካከል ነው። በመዝገቡ ላይ የሕዝቡ ስም እንኳ ሕዝቡ ራሱን የሚጠራበት አልነበረም፤ “ወላሞ” ተብሎ ይጻፍ ነበር።

ደረሰኙ የማን ነበር?

ከጣልያን መባረር በኋላ መንግሥት ግብርን በገንዘብ ለማድረግ በ1934 እና በ1937 ዓ.ም. የመሬት ግብር አዋጆች አወጣ። ጋሻ መሬት “ለም”፣ “ለም-ጠፍ” እና “ጠፍ” ተብሎ ተመደበ። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም፤ ዓላማው በየሹሙ ፈቃድ የሚጣለውን ግዴታ በታወቀ ተመን መተካት ነበር። ከዚህም የግብር ደረሰኝ የሚባል ትልቅ ወረቀት መጣ። በመላ አገሪቱ የመሬት ሙግት ሲነሣ ደረሰኝ ያለው ሰው ግማሹን መንገድ ሄዷል።

ችግሩ ደረሰኙ ላይ የሚጻፈው ስም ነበር። ጭሰኛው አሥራቱን ለባለርስቱ ያስረክባል፤ ለመንግሥት የሚከፍለውና ደረሰኝ የሚቀበለው ባለርስቱ ነው። ስለዚህ ሃያ ዓመት ያረሰና ሃያ ዓመት የከፈለ ሰው ሣጥኑ ውስጥ አንዲት ወረቀት ላይኖረው ይችላል። ተመኑ ተጽፏል፣ አዋጁ በነጋሪት ጋዜጣ ታትሟል፤ እሱ እጅ ላይ ግን የለም። ለወረቀት የምንሰጠው ፍርሃት የተቀላቀለበት አክብሮት እዚህ ላይ ሥር ያለው ይመስለኛል። ወረቀት የሌላው ሰው መሣሪያ ሆኖ ነው የመጣው።

ሃምሳ ስድስት ዓመት የዘገየ መዝገብ

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ልደት፣ ጋብቻና ሞት መዝገብ በዝርዝር ይደነግጋል። ሹሙ ማን እንደሚሆን፣ ምን እንደሚጻፍ ሁሉ አለ። በሕጉ መጨረሻ አካባቢ ያለው ቁጥር 3361 ግን እነዚህ ድንጋጌዎች ወደፊት በትእዛዝ እስኪታወጅ ድረስ ሥራ ላይ አይውሉም ይላል። ያ ትእዛዝ በንጉሡ ዘመን አልወጣም፤ በደርግም አልወጣም። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ በቁጥር 760 የወጣው በ2004 ዓ.ም. ሲሆን፣ ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው።

ሕጉ ተጽፎ ሃምሳ ስድስት ዓመት ተኛ። በዚህ መካከል የተወለደ የገጠር ልጅ ሁሉ ዕድሜው በምስክር፣ ጋብቻው በምስክር፣ የአባቱ ሞት በምስክር ሆነ። ትምህርት ቤት ሲገባ ዕድሜው ተገመተ፤ ፓስፖርት ሲያወጣ እንደገና ተገመተ፤ ጡረታ ላይ ሁለቱ ግምቶች ተጋጩና “የቱ ነው ትክክሉ?” ተብሎ ተጠየቀ። ዛሬ ቀበሌ ሄደን ሦስት ሰው አምጣ ስንባል የምንበሳጭበት ልማድ የተወለደው ከዚህ ነው። መዝገብ የሌለው አገር ምስክር ይጠይቃል።

አዲሱ አዋጅ ወላጆች ልደትን በዘጠና ቀን ውስጥ እንዲያስመዘግቡ ያዛል። ትእዛዙ ተገቢ ነው። ነገር ግን ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። መንግሥት ሃምሳ ስድስት ዓመት ሲዘገይ ማንም “ለምን?” ብሎ አልጠየቀውም፤ ወላጅ ግን ዘጠና ቀን አለው። የጊዜ ገደብ ባለጉዳዩን ብቻ የሚያስር ነገር ሆኖ ኖሯል።

ቀበሌ፦ የሕዝብ የነበረው ደጅ

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ። ጭሰኝነት ቀረ። ለወላይታ ገበሬ ይህ የወረቀት ለውጥ አልነበረም፤ እህሉን የማካፈል ግዴታ በአንድ አዋጅ ወደቀ። በስምንት መቶ ሔክታር መሬት ላይ አንድ የገበሬ ማኅበር እንዲቋቋም ታዘዘ። ሐምሌ 19 ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት ተቋቋሙ። ዛሬ “ቀበሌ” የምንለው መሥሪያ ቤት ልደቱ ይህ ነው። ሲጀመር የሰፈሩ ሰዎች የራሳቸውን ጉዳይ የሚያዩበት፣ የራሳቸውን ሰው ዳኛ የሚያስቀምጡበት ማኅበር ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ማኅበሩ አቅጣጫውን ቀየረ። ስኳርና ጨው በቀበሌ ሱቅ በኩል በራሽን ሲሆን ስምህ በቀበሌ መዝገብ መኖሩ የግድ ሆነ። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ኮታ ሲጥል ኮታውን ለየገበሬው የሚያከፋፍለው ማኅበሩ ሆነ። እህል ከአንድ አካባቢ ወደ ሌላ ለማሳለፍ ኬላ፣ ሰውም ራቅ ብሎ ለመሄድ የይለፍ ወረቀት መጣ። መሬት ጠቦት ወደ አዋሽ ሸለቆ እርሻዎችና ወደ አዲስ አበባ ለሥራ መሄድ ለለመደው የወላይታ ወጣት ይህች ወረቀት ቀላል ነገር አልነበረችም። የሰፈሩ ማኅበር የሰፈሩን ሰው የሚቆጣጠር ሆነ።

ኮታው የካቲት 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ቀረ። ደርግ በ1983 ወደቀ። ራሽኑም ይለፉም ከእሱ ጋር ሄዱ። ወረቀቶቹ ግን አልሄዱም። ከአንድ ቀበሌ ወደ ሌላ ስትዛወር የምትጠየቀው “መሸኛ” አለ። የድጋፍ ደብዳቤው አለ። መታወቂያውም አለ። እያንዳንዳቸው ሲፈጠሩ ምክንያት ነበራቸው፤ ምክንያቱ ሲሞት አብሮ የሞተ ወረቀት ግን እምብዛም አላየንም። ይልቁንም በላዩ አዲስ ተጨመረበት። በ2015 ዓ.ም. የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ወጣ፤ ፋይዳ አሥራ ሁለት አሃዝ ያለው ቁጥር ሰጠን፤ ባንኮችም እየጠየቁት ነው። ጥሩ ነገር ነው። ሆኖም ፋይዳ የያዘ ሰው ከቀበሌ መታወቂያ ጥያቄ አልዳነም።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ ወረቀት ሁሉ ሸክም አይደለም። በገጠር መሬት የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ሲሰጥ የባልና የሚስት ስም አብሮ እንዲጻፍ መደረጉ ባሏ የሞተባትን ሴት ከባል ዘመዶች ያስጣለ ነገር ነው። ለእሷ ደብተሩ ማለት ቤቷ ነው። ለምን ሠራ ብንል፣ ወረቀቱ እሷው እጅ ላይ ስላለ ነው። ያ ጭሰኛ ያጣው ነገር እሷ ጋ አለ።

በጽሑፍ ተጠይቆ፣ በዝምታ የተመለሰ

እስካሁን ያየነው የመስኮት ታሪክ ነው። ይኸው ልማድ ወደ ላይ ሲወጣ ምን እንደሚያስከፍል ደግሞ ወላይታ በደንብ ያውቃል።

በ1992 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት ለትምህርት ቤቶች አዲስ መጻሕፍት መጡ። ቋንቋው “ወጋጎዳ” ተባለ፤ ወላይታ፣ ጋሞ፣ ጎፋና ዳውሮ ከሚሉት ስሞች ተቆራርጦ የተሠራ ስም ነው። የቢሮው ሒሳብ ቋንቋዎቹ ስለሚቀራረቡ በአንድ መጽሐፍ አራቱን ማስተማር ይቻላል የሚል ነበር። ለአስተዳደር ይመቻል፣ ወጪም ይቀንሳል። የሚናገረው ሰው ግን አልተጠየቀም። መምህራንና ተማሪዎች ተቃወሙ፣ ግጭት ተነሣ፣ ሰው ሞተ። ከዚያ በኋላ መጻሕፍቱ ተሰበሰቡ፤ በዓመቱ ወላይታ ዞን ሆነ።

በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. ደግሞ የዞኑ ምክር ቤት ክልል የመሆን ጥያቄን አጸደቀ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 47 መንገዱን ያሳያል፦ የብሔረሰቡ ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሲያጸድቀውና ጥያቄው በጽሑፍ ለክልሉ ምክር ቤት ሲቀርብ፣ የክልሉ ምክር ቤት በአንድ ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ያደራጃል። ጥያቄው በጽሑፍ ቀረበ። ዓመቱ አለፈ። ሕዝበ ውሳኔ አልተደረገም። በነሐሴ 2012 ዓ.ም. የዞኑ አመራሮች ታሰሩ፤ በተነሣው ተቃውሞ እንደገና ሰው ሞተ። በኋላ የመጣው ሕዝበ ውሳኔ ከሌሎች ዞኖችና ልዩ ወረዳዎች ጋር አንድ ክልል ስለ መሆን ነበር፤ ድምፁ ጥር 29 ቀን 2015 ተሰጠ፣ በወላይታ ዞን ጥሰት ስለተገኘ ተሰርዞ ሰኔ 12 ተደገመ።

ወላይታ ብቻውን ክልል መሆን ነበረበት ወይስ አልነበረበትም የሚለው ሌላ ክርክር ነው፤ ዛሬ አልገባበትም። እኔን የሚያሳስበኝ ከሁለቱ ታሪኮች ትውልዱ የሚወስደው ትምህርት ነው። በጽሑፍ፣ በሥርዓቱ፣ በቀጠሮው የተጠየቀ ነገር መልስ አያገኝም፤ መንገድ ላይ የተጮኸበት ያገኛል። መንግሥት ዜጋን ከዚህ የከፋ ነገር ሊያስተምረው አይችልም። ለአንድ የልደት ወረቀት አምስት ጊዜ የተመላለሰ ወጣትም የሚማረው ይህንኑ ነው። ማመልከቻ የሞኝ ነው፤ ሰው ያለው ሰው ይጨርሳል። ጉዳይ ገዳዩንም፣ እጅ መንሻውንም የሚያኖረው ይህ እምነት ነው።

እምቢ ያለ አይጠየቅም

ከመስኮቱ ወዲያ ያለውን ሰው ብቻ መስደብ ቀላል ነው፤ ግን እውነቱን አያሳይም። ፈርሞ የፈቀደ ሠራተኛ ነገ ሐሰተኛ ሰነድ ቢገኝ፣ መሬቱ የሌላ ቢሆን፣ ተጠያቂው እሱ ነው። “ነገ ተመለስ” ያለ ሠራተኛ ግን የተከሰሰበት ጊዜ አለ? ስለዚህ ብልህ ሠራተኛ አንድ ተጨማሪ ደብዳቤ ይጠይቃል። ደብዳቤው ኃላፊነቱን ወደ ቀበሌ ያሻግርለታል፤ ቀበሌው ደግሞ ወደ ምስክሮቹ። ያ ሁሉ ምልልስ ፍርሃት ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ነው።

ይህን ሳያዩ የመጡ ማሻሻያዎች ለዚህ ነው ብዙ ያልፈየዱት። ቢፒአር መጣ፣ የዜጎች ቻርተር በግድግዳ ተሰቀለ፣ ካይዘን መጣ። በ2017 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተጀመረው መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት ብዙ መስኮቶችን በአንድ ጣሪያ ሥር ሰብስቧል፤ ይህ እውነተኛ እርምጃ ነው። ግን በኮምፒውተር መስኮትም “ሲስተም የለም” የሚባለው በአፍ ነው። ያን ቀን ሲስተም ስለመኖሩም ስለመጥፋቱም ባለጉዳዩ የሚይዘው ነገር የለም።

መፍትሔው አዲስ ነገር አይደለም። የፌዴራል አስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183 በ2012 ዓ.ም. ወጥቷል። የመንግሥት ተቋም ውሳኔውን በጽሑፍና ከነምክንያቱ እንዲሰጥ፣ የሚያወጣውን መመሪያ ሕዝብ እንዲያየው ይፋ እንዲያደርግ ያስገድዳል። ነገር ግን አዋጁ የወጣው ለፌዴራል ተቋማት ነው። አረካ ላይ ያለው መስኮት ደግሞ የቀበሌ፣ የከተማ አስተዳደር፣ የወረዳ፣ የዞንና የክልል ነው። አብዛኛው ኢትዮጵያዊ በዕለት ኑሮው የሚያገኘው መንግሥት እሱ ነው።

ክልል የራሱን ሕግ የማውጣት ሥልጣን አለው። በሕንድ ማድያ ፕራዴሽ የተባለችው ክልል እ.ኤ.አ. በ2010 ያደረገችው ይህንኑ ነው። ለእያንዳንዱ የምስክር ወረቀትና ፈቃድ የቀን ገደብ አስቀመጠች፤ ያለበቂ ምክንያት ባዘገየ ሠራተኛ ላይ በቀን 250፣ ቢበዛ እስከ 5,000 ሩፒ የሚደርስ ቅጣት ደነገገች። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሌሎች የሕንድ ክልሎችም ተመሳሳይ ሕግ አወጡ። ሀብታም ስለሆኑ አይደለም። የጊዜ ገደብ ሁለቱንም ወገን ማሰር አለበት ብለው ስለወሰኑ ነው።

አዲሱ ክልላችን መቀመጫዎቹን በስድስት ከተሞች ከፍሏል፤ ሶዶ፣ አርባ ምንጭ፣ ዲላ፣ ጂንካ፣ ካራትና ሳውላ። እንዲህ ያለ ክልል ከማንም በላይ በጽሑፍ መልስ መስጠት አለበት። ባለጉዳይ በአፍ መልስ ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው ከተላከ የድሮው የይርጋለም መንገድ ተመለሰ ማለት ነው። የሚያስፈልገው ሕግ ሁለት ገጽ አይሞላም። ማመልከቻ የተቀበለ ቀን የተጻፈበት ደረሰኝ ይስጥ። እምቢ ያለ ምክንያቱንና የተመሠረተበትን መመሪያ ጽፎ፣ ስሙን አኑሮ ይፈርም። “እምቢ” ፊርማ ካስፈለገው፣ “እምቢ” ማለት እንደ “እሺ” ሁሉ ያስጠይቃል፤ ያኔ ሠራተኛውም የሚፈራው ሁለቱን እኩል ይሆናል።

ሕጉ እስኪመጣ ዝም ብለን አንጠብቅ። በመሥሪያ ቤቶቻችን ማመልከቻ “መምራት” የሚባል የቆየ ልማድ አለ፤ ኃላፊው ዳር ላይ ጽፎ፣ ቀን አድርጎ፣ ፈርሞ ወደሚመለከተው ይልከዋል። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ “አይቻልም” ስትባሉ፣ ሳትቆጡና ድምፅ ሳታሰሙ፣ “እሺ፣ አይቻልም የሚለውን እዚህ ማመልከቻዬ ላይ ይጻፉልኝ” በሉ። አንዳንዱ ይቆጣል። አንዳንዱ ወረቀቱን ትንሽ አገላብጦ ያይና “እስቲ ቁጭ በሉ፣ ልየው” ይላል። እናንተም የገጠማችሁን ከታች ጻፉልን፤ የመሥሪያ ቤት ስም አያስፈልግም፣ ምን እንደተጠየቃችሁና በስንት ቀን እንዳለቀ ብቻ።